ኦሜር ጡረታ ያልወጣባቸው ሦስት ዓመታት

ኦሜር ቲቦዶ የእህቴ የክሎዴት ባል ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ላይ ወንዙ ዳር ካለው የወረቀት ፋብሪካ ገባ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ሥራ አልሠራም። እኛ እዚህ አሜሪካ ሰሜን፣ ሜይን ግዛት ጫፍ ላይ ያለን ሰዎች፣ አያቶቻችን ከካናዳ ኩቤክ በባቡር መጥተው እዚሁ ፋብሪካ የተቀጠሩ፣ ሰውን የምንለየው በሚሠራበት ማሽን ነው። እሱን «የአራት ቁጥሩ ኦሜር» ይሉት ነበር። አራት ቁጥር ቀንና ሌሊት ወረቀት ሲጠቀልል የሚኖር፣ ከጫፍ እስከ ጫፉ ለመሄድ ትንፋሽ የሚያሳጥር ማሽን ነው።

ትልቅ ሰው ነበር። በር ሲገባ ጎንበስ ይላል፤ ሲስቅ ላይኛው ፎቅ ድረስ ይሰማል። ላይኛው ፎቅ ላይ የምኖረው እኔ ነኝ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ብቻዬን መሆኔ አላስችል ብሏቸው ከራሳቸው በላይ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ኑሪባቸው ብለው ሰጡኝ። ዣኒን እባላለሁ፤ የክሎዴት ታላቅ ነኝ።

ልጅ አልነበራቸውም። ክሎዴት ደግሞ ከአርባ ዓመቷ ጀምሮ ታማሚ ናት። የገዛ ሰውነቷ መገጣጠሚያዎቿን እያጠቃ ነው አሉ ሐኪሞቹ። ጣቶቿ ያብጣሉ፣ ጉልበቷ ይቆለፋል፣ አንዳንድ ቀን ከአልጋ መነሳት ራሱ ሥራ ነው። በኋላ ግን በደም ሥር በጠብታ የሚሰጥ መድኃኒት ተገኘላት። በየሁለት ወሩ ሆስፒታል ሄዳ ግማሽ ቀን ወንበር ላይ ተጋድማ ትወስዳለች፤ ከዚያ በኋላ ሰው ትሆናለች። መድኃኒቱ ከመገኘቱ በፊት ጡት መያዣዋን የሚያስርላት ኦሜር ነበር።

«እኔ የሠለጠንኩት በመፍታት ነው» ይል ነበር፣ እኔ እየሰማሁ፤ «ማሰር በስተርጅና ነው የተማርኩት።»

«አፍህን ዝጋ፣ አንተ ባለጌ!» ትለዋለች ክሎዴት፣ ጆሮዋ ድረስ እየቀላች።

ያ መድኃኒት ዋጋው አይነሳ። የሚከፍለው የፋብሪካው ኢንሹራንስ ነበር፤ ባል ከተቀጠረ ሚስትም አብራ ትገባለች። ክሎዴት ራሷ ተቀጥራ አታውቅም። ከተዳረች ጀምሮ ቤት ውስጥ የሰው ልብስ ስትሰፋ፣ እናታችን ስትታመም ደግሞ እሷን ስታስታምም ነው የኖረችው።

ኦሜር ስልሳ አምስት ዓመት ሊሞላው ሲል ጡረታ እወጣለሁ አለ። የመንግሥቱ የጤና መድን፣ ሜዲኬር፣ የሚጀምረው በዚያ ዕድሜ ስለሆነ እዚህ አገር ሰው ሁሉ ያቺን ቀን ነው የሚጠብቀው። ኦሜርም ስለ ጡረታው ሲያወራ ዓመት አለፈው። የት ሐይቅ ላይ ምን ዓይነት አሳ እንደሚያጠምድ፣ ስንት ሰዓት ድረስ እንደሚተኛ ሳይቀር ነግሮናል።

አንድ ቅዳሜ ከፋብሪካው የሠራተኞች ቢሮ ተመለሰ። ቅዳሜ እንደወጉ ሲበስል የዋለ ቦሎቄ እንበላለን፤ ሦስታችንም ወጥ ቤት ነበርን። ኮቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ።

«ምነው ዝም አልክ?» አልኩት። «ፋብሪካውን ሸጡልህ እንዴ?»

«ዋርሳዬ» አለኝ፣ ቀልድ ሲያስብ እንዲህ ነው የሚጠራኝ፤ ፊቱ ላይ ግን ቀልድ አልነበረም። «አንቺ ሜዲኬር አለሽ አይደል?»

«አለኛ። ስልሳ አምስት ሲሞላኝ ተመዘገብኩ።»

«ባልሽ ቀድሞሽ ሲገባ አንቺም አብረሽው አልገባሽም?»

«የለም። ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻው ነው። እኔ በዚያን ጊዜ የምሠራበት የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ኢንሹራንስ ውስጥ ነበርኩ።»

ኦሜር ራሱን ነቀነቀ። «እኔ ደግሞ እንደ ፋብሪካው መስሎኝ። ባል ከገባ ሚስት ትከተላለች ብዬ። የቢሮዋ ሴትዮ ዛሬ ስትነግረኝ ደግማ እንድታስረዳኝ ለመንኳት። እኔ ከወጣሁ እኔ ሜዲኬር አገኛለሁ። እሷ ግን የራሷ ስልሳ አምስት እስኪሞላ ምንም የላትም።»

ክሎዴት ያን ጊዜ ስልሳ ሁለት ዓመቷ ነበር። ከምድጃው አልዞረችም። ማንኪያዋን ድስቱ ውስጥ እንደያዘች ቆመች።

ከዚያ በኋላ ብዙ ስልክ ተደወለ። የፋብሪካውን መድን በገዛ ኪስ መቀጠል ይቻላል አሉን፤ የተጠየቀው ገንዘብ ከጡረታው አብዛኛውን ይበላል። ለብቻ የሚገዛም መድን ነበረ፤ እሱ ደግሞ የክሎዴትን ሐኪም አያካትትም። ኦሜር ከሳምንት በኋላ አንድ ጠዋት ቡናውን ወደ ፔርሙሱ እየገለበጠ ተናገረ።

«ለነገሩ ጡረታ ምን ያደርግልኛል? ቀኑን ሙሉ ከእናንተ ከሁለታችሁ ጋር ስጨቃጨቅ ልውል? ፋብሪካው ይሻለኛል፤ እዚያ ቢያንስ ጫጫታው አይመልስልኝም።»

የሥራ ጓደኞቹ ግን ኬኩን አዝዘው ነበር። «መልካም ጡረታ» ተብሎ ተጽፎበታል። የቡድኑ መሪ ሬያል ጋኞን «ጡረታ» የሚለውን በቢላ ፍቆ «መልካም»ን ብቻ ተወለትና ቆመው በሉት። ኦሜር ይህን ሲነግረን እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ክሎዴትም ሳቀች። ከዚያ ወደ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ክሎዴት አንድ ሞኝ ነገር ሠራች። ለኔም ለእሱም ሳትናገር የመድኃኒቱን ቀጠሮ ሰረዘች። አንዴ ብዘለው፣ ሁለቴ ብዘለው ምንም ካልሆንኩ ኦሜር ሥራውን ይተዋል ብላ ነው። መጀመሪያ ደህና ነበረች። ትንሽ ቆይቶ ማንኪያ ከእጇ ሲወድቅ አየሁ፤ ስጠይቃት ብርዱ ነው አለችኝ።

አንድ ቀን እኔ ፖርትላንድ ልጄ ዘንድ ሄጄ ሳለ መታጠቢያ ቤት ገባችና በሩን ዘጋች። ልትወጣ ስትል የበሩን እጀታ ማዞር አቃታት። በሁለት እጇ ሞከረች፣ በክርኗ ሞከረች፣ ፎጣ ጠምጥማ ሞከረች። ኦሜር የቀን ፈረቃ ላይ ነበር፤ የእነሱ ፈረቃ አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ ይፈጃል። መሽቶ ሲመጣ ድምጿን ሰምቶ በሩን ከፈተው። ወለሉ ላይ በፎጣ ተጠቅልላ አገኛት።

ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት። ኦሜር አልጮኸም አለች። የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠና እጆቿን አንስቶ አያቸው።

«ስንተኛ ቀጠሮ ነው የሰረዝሽው?» አላት።

«ሁለተኛ።»

«ስሚኝ፣ ክሎዴት። እኔ ሥራ የምሄደው ቤት ስመለስ ቆመሽ እንዳገኝሽ ነው። ይቺን ከከለከልሽኝ የምሄድበት ምክንያት የለኝም። ሁለተኛ እንዲህ እንዳታደርጊ።»

ከዚያ ቀን በኋላ ቀጠሮ አልዘለለችም። ሥራ ተው ብላ ለምናውም አታውቅም።

ሁለተኛው ዓመት ላይ ነው ኦሜር መለወጥ የጀመረው። መስኮቴ ወደ ደጁ ስለሚያይ መኪናው ስትቆም አያለሁ። ቀድሞ ሞተሩን ሳያጠፋ በሩን የሚከፍት ሰው፣ አሁን አጥፍቶም አይወርድም። መሪው ላይ ሁለት እጁን ጭኖ ይቀመጣል። የደጁ መብራት ሲበራ ፊቱ አመድ መስሎ ይታየኛል። ከዚያ ተስተካክሎ ይወርድና ደረጃው ላይ ሲደርስ ማፏጨት ይጀምራል።

ለክሎዴት ነገርኳት። «ባልሽ መኪና ውስጥ ምን ያደርጋል?»

«ሬዲዮ እየሰማ ነው» አለችኝ።

«ሬዲዮው ከተበላሸ ስንት ዘመኑ!»

«ተይው ዣኒን፣ ይረፍበት» አለችና ወጥ ቤቱን መጥረግ ጀመረች። ከአንድ ሰዓት በፊት የጠረገችውን ወለል ነበር።

ሦስተኛው ክረምት እንደምንም ደረሰ። የክሎዴት ልደት ኤፕሪል ላይ ነው፤ ከሦስት ወር በፊት ጀምሮ መመዝገብ ስለሚቻል ጃንዋሪ ውስጥ ቀጠሮ ያዝንና በበረዶ እየተንሸራተትን እኔ እየነዳሁ ሜዲኬር ወደሚመዘገብበት የሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ሄድን። ኦሜር የሌሊት ፈረቃ አድሮ ነበር። «እቤት ተኛ» ብንለው እምቢ አለ።

«ሦስት ዓመት የጠበቅኳትን ነገር ሳላያት ልቅር?» አለ።

መጠበቂያው ክፍል እንደገባን ወንበር ላይ ዘፍ ብሎ ተኛ። ያንኮራፋል ደግሞ! ሰዉ ሁሉ እየዞረ ያየዋል፤ አንዲት አሮጊት ጣቷን ጆሮዋ ውስጥ ከተተች። የክሎዴት ስም ሲጠራ ልቀሰቅሰው ስል እጄን ያዘችኝ።

«ይተኛ» አለች።

ያስተናገደን ሰውዬ ረጋ ያለ ትሁት ሰው ነበር። የልደት ቀኗን ጠየቃት፣ የጋብቻ ወረቀቷን አየ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ትንሽ ጻፈ።

«እመቤቴ፣ በራስዎ ስም የተመዘገበ በቂ የሥራ ዘመን የለዎትም» አላት። ክሎዴት ስትደነግጥ አይቶ ፈጠን ብሎ ቀጠለ፤ «ችግር የለም፣ ችግር የለም። በባለቤትዎ ሥራ ነው የሚገቡት። እሳቸው ረጅም ዘመን ሠርተዋል።»

«አዎ» አለች ክሎዴት።

«አሁንም እየሠሩ ነው?»

«አዎ።»

«ጎበዝ ሰው ናቸው» አለ ሰውዬው። ክሎዴት ዞር ብላ በመስታወቱ ወደ መጠበቂያው ክፍል አየች። ኦሜር አፉን ከፍቶ ተኝቷል፤ ኮፍያው ጉልበቱ ላይ ወድቋል። ሰውዬው ሆስፒታሉም፣ ሐኪሙም፣ ጠብታውም ከኤፕሪል አንድ ጀምሮ እንደሚሸፈንላት፣ የሚጎድለውን የሚሞላ ተጨማሪ መድን ደግሞ ቶሎ እንድትገዛ አስረዳት። እሷ የሰማች አይመስለኝም። ሁሉንም ጠይቄ የያዝኩት እኔ ነኝ።

ኦሜር ማርች መጨረሻ ላይ የመጨረሻ ፈረቃውን ጨርሶ ወጣ። ያን ቀን መኪናው ውስጥ አልቆየም። ወርዶ ቦት ጫማውን ደጅ ላይ አወለቀና ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ከተተው። ክሎዴት መልሳ አወጣችው፤ «ለጓሮ ይሆናል» ብላ።

ሁለት ወር ያህል አብረው ኖሩ። እንደዛተው ሐይቅ አልወረደም፤ በብዛት ይተኛ ነበር። ሲነሳ በረንዳው ላይ ይቀመጣል፣ ክሎዴት አጠገቡ ትሰፋለች፤ ጣቶቿ ያን ሰሞን ደህና ነበሩ። አንድ እሁድ ወደ ባሕሩ ነድተው ከዛጎሉ ወጥቶ የተጠበሰ የባሕር ምግብ በልተው መጡ፤ ኦሜር ሸሚዙ ላይ ሶስ አንጠባጥቦ ክሎዴት መንገዱን ሁሉ ስትነዘንዘው እንደመጣች ነገረኝ። ደስ ብሎት ነበር።

ጁን መጀመሪያ ላይ፣ ጠዋት፣ የጓሮው ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ ያንን ቦት ጫማ ሲያደርግ ሞተ። ቲማቲም ሊተክል ነበር። ክሎዴት ስሜን የጠራችበት ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ስወርድ አንዱን ጫማ አድርጎ፣ ሌላውን በእጁ ይዞ፣ ግድግዳው ላይ ደገፍ ብሎ ነበር። አምቡላንሱ መጣ፤ የሚሠራው ነገር ግን አልነበረም። ልቡ ነው አሉን።

ከቀብሩ መልስ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሳንድዊችና ሾርባ ቀረበ። የአራት ቁጥር ቡድን በሙሉ፣ ከፈረቃ የወጣውም የሚገባውም፣ መጥቶ ነበር። ሬያል ጋኞን ሳህኑን እንደያዘ ክሎዴት ፊት ተቀመጠ። ገና ሃምሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ ኦሜር ሥራ ያስተማረው ሰው ነው።

«እትዬ ክሎዴት፣ ማወቅ ያለብዎት ነገር አለ» አላት። «ኦሜርን በጣም ነበር የምንወደው። ላለፉት ሁለት ክረምቶች የማሽኑን መሰላል እኛ ነን የምንወጣለት። ወረቀቱ ተበጥሶ ሰው ሁሉ ሲሯሯጥ እሱን መቆጣጠሪያው ክፍል እናስቀምጠዋለን። አለቃው ሲመጣ ሽንት ቤት ሄዷል እንላለን። መጨረሻ ላይ አለቃው 'ይህ ሰው ፊኛውን ይታይ' አለ እኮ!»

ጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት ሳቅ አሉ። ክሎዴት አልሳቀችም።

«ታውቁ ነበር?» አለች።

«ምኑን?»

«እንደታመመ። መሰላል መውጣት እንደማይችል እያወቃችሁ?»

ሬያል ሳህኑን አስቀመጠ። «ደረቱን ይይዘው ነበር። ለማንም እንዳትናገሩ ብሎ ለመነን። እርስዎ ሜዲኬር እስኪገቡ ብቻ ነው አለን።»

«ቤትህ ግባ አይባልም? አንድ ሰው፣ ከመሃላችሁ አንድ ሰው ስልክ አይደውልልኝም?» ድምጿ ከፍ እያለ ሄደ። «ደብቃችሁ፣ ተሸክማችሁ፣ እስኪሞት አሠራችሁት! እናንተ ናችሁ የገደላችሁት!»

ሬያል ተነስቶ ኮፍያውን አንስቶ ወጣ፤ ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሉት። እኔ ክሎዴትን ኮቷን አልብሼ ወደ ቤት ወሰድኳት።

ወጥ ቤት ተቀመጥን። ሻይ አፈላሁ፤ አልነካችውም።

«ክኒኑን አይቼዋለሁ» አለች ድንገት።

«የምን ክኒን?»

«ሁለተኛው ክረምት ላይ። የበረዶ መፋቂያ ስፈልግ የመኪናውን ኪስ ከፈትኩ። እናታችን ልቧን ሲያማት ምላሷ ስር ታደርጋት የነበረችው ትንሽ ክኒን። ወዲያው ነው ያወቅኳት። መልሼ ቦታዋ አስቀመጥኳት።»

«ለምን አልጠየቅሽውም?» አልኳት።

«ብጠይቀው ይነግረኝ ነበር። ከነገረኝ ደግሞ ሥራውን ማቆም ነበረበት።» እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው። «ያ መታጠቢያ ቤት ትዝ ይለኛል፣ ዣኒን። ያንን ወለል ነው የፈራሁት። ሁልጊዜ ጠዋት ምሳውን ቋጥሬ እየሳምኩ ሸኘሁት። ሬያልን ያልኩት እኮ ለራሴ የምለውን ነው።»

ላጽናናት ብዬ ብዙ ነገር አሰብኩ፤ የትኛውም ውሸት መሰለኝ። ተነስቼ ኩባያዎቹን አጠብኩ።

የመድኃኒቱ ቀን ሲደርስ አልሄድም አለች። አልጋ ላይ ሆና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ለዚህ ነው የሞተው፤ እንዴት አድርጌ ክንዴን እሰጣለሁ?» አለችኝ። ያን ጊዜ ተቆጣሁ። ብርድ ልብሱን ገፈፍኩት።

«ሰውዬው ሦስት ዓመት ሙሉ ደረቱን ይዞ የሠራው አንቺ ተኝተሽ እንድትኮማተሪ ነው? በይ ተነሺ! ካልተነሳሽ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ተሸክሜሽ ደረጃ ልወርድ ነው፤ ከዚያ ሁለታችንንም የሚቀብር ይፈለግልናል።»

ተነሳች። ሆስፒታሉ ውስጥ ነርሷ አዲሱን ካርድ ወስዳ ቁጥሩን መዘገበች፤ «እንኳን ደስ አለዎት፣ ሜዲኬር ገቡ!» አለቻት ፈገግ ብላ፤ ልጅቷ ምንም አታውቅም። ክሎዴት «አመሰግናለሁ» አለች። መድኃኒቱ እስኪያልቅ ድረስ ዓይኗን ጨፍና ነበር፤ አልተኛችም ግን።

በጋው እንዲያ አለፈ። ከሰው አትገናኝም፤ ከእኔ ጋር እንኳ የምታወራው ስለ ምግብና ስለ አየር ጠባይ ነው። ሬያል ሁለት ጊዜ ደውሎ ነበር፤ አላነሳችም።

ኦክቶበር ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከጓሮ የማሽን ድምፅ ሰማን። ሬያልና ሁለት የቡድኑ ሰዎች ሳይጠሩ መጥተው የክረምቱን ማገዶ እየፈለጡ ነበር። ክሎዴት መጋረጃውን ገልጣ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ በቤት ጫማዋ ወጣች፤ ተከተልኳት።

«ሬያል፣ አጥፋው እስቲ» አለችው።

አጠፋው። ሌሎቹ ሁለቱ ወደ ኋላ ሸሸት አሉ።

«አዳራሹ ውስጥ ያልኩህ ነገር...» ጀመረችና ቆመች። «እኔም አውቅ ነበር። ክኒኑን አይቼ ዝም አልኩ። እናንተን መውቀስ አልነበረብኝም።»

ሬያል ጓንቱን አወለቀ። ፊቱ ቀላ። «እትዬ፣ ስለ እሱ አያስቡ...»

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ኦሜር እኔ እንደማውቅ ያውቅ ነበር? ነግሯችሁ ያውቃል?»

ሬያል ወደ እኔ አየ፤ ከዚያ ወደ መሬት። አዎ በላት፣ ብዬ በልቤ ለመንኩት። አንዲት ቃል ናት፤ ዋሻት። እሱ ግን ውሸት የሚሆንለት ሰው አይደለም።

«አላውቅም» አላት። «እውነቱን ለመናገር ስለ እንዲህ ያለ ነገር አውርቶን አያውቅም። ሆኪ ነበር የሚያወራን። ሆኪና አሳ።»

ክሎዴት ራሷን ነቀነቀች። «ስለ አሳው ይዋሻል» አለች።

«በጣም!» አለ ሬያል።

ሁለቱም ፈገግ ለማለት ሞክረው አልሆነላቸውም። ሬያል ጓንቱን አጠለቀና ማሽኑን አስነሳ። ክሎዴት ወደ ቤት አልተመለሰችም። ጎንበስ ብላ አንድ ፍልጥ እንጨት አነሳች፣ ግድግዳው ጥግ ወስዳ አስቀመጠችው፣ ተመልሳ ሌላ አነሳች። ብርድ ነው፣ ኮት ልበሺ ብዬ ጮኽኩ፤ በማሽኑ ጫጫታ አልሰማችኝም።